ለጉቶው የተጠራ ደቦ

«ባልየው ሆስፒታል ነው አይደል? እንግዲያው አርባ ሺ በላት። ብቻዋን ያለች ሴት ዋጋ አታውቅም፤ ካጉረመረመች ሠላሳ አምስት ታደርግላታለህ።»

ዴሳንካ ይህን የሰማችው ለእንግዳው ውሃ በብርጭቆ ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ ስትል ነው። እንግዳው የዛፍ ጉቶ የሚፈጭ ማሽን ያለው ሰው ነው። ሁለት እጁ በሜትር ስለተያዘ ስልኩን ጉቶው ላይ አስቀምጦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከአጋሩ ጋር ያወራል። አጋሩ ደግሞ ሲናገር ጮክ የሚል ዓይነት ሰው ነው። ይኸው ባለ ማሽን ባለፈው ሳምንት ለጎረቤቷ ለዛጎርካ እንዲህ ያለ ጉቶ በሃያ ሁለት ሺ ዲናር እንደሚያወጣ በስልክ ነግሯት ነበር። ዴሳንካ ያንኑ ያህል መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ ነው የጠበቀችው። አልጮኸችም። ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ውስጥ ስትሠራ ጩኸት ምን ያህል እንደሚረባ አይታለች። ውሃውን ሰጠችው፤ ጠጥቶ እስኪጨርስ ጠበቀችው፤ ብርጭቆውን ተቀበለችና «ሜትርህን ጠቅልል» አለችው። ሰውዬው ስልኩን አየ፣ እሷን አየ፣ ጆሮው ቀላ። መጀመሪያ ሃያ አምስት፣ ቀጥሎ ሃያ ሁለት እንደሚያደርግላት፣ አጋሩም አፉ ክፉ እንጂ ልቡ ደግ እንደሆነ እየነገራት በጠባቡ በር ወጣ። እሷም ዘጋችው። በሩ ገና ከመዘጋቱ «ምነው በሃያ ሁለቱ አሠርቼው በነበር» አለች በልቧ። ግን አንዴ ፊት የነሱትን ሰው ተከትሎ መጥራት የዴሳንካ ጠባይ አይደለም። የዚያ ግቢ ሰው ሁሉ ጠባዩ አይደለም፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጉቶው የዋልነት ዛፍ ነው። ከጠባቡ በርና ከቤቱ ደጃፍ መካከል፣ በግራ የቤቱ ግድግዳ፣ በቀኝ የብሎኬት አጥር ይዞት፣ እስከ ጉልበት ድረስ ተገትሯል። ሁለት እግር ያለው ሰው ጎኑን ሰብሰብ አድርጎ ያልፈዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲያ ሲያልፉት ኖረዋል፤ እንደውም ባሏ ቦጎልዩብ ማታ ማታ እየተቀመጠበት ጋዜጣ ያነብ ነበር። ባለፈው ወር ግን የቦጎልዩብን ቀኝ እግር ስኳር በላው፤ ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ሰኞ በዊልቸር ይመጣል ተብሏል። ጉቶው ካልወጣ ዊልቸሩ አያልፍም፤ ዊልቸሩ ካላለፈ ቦጎልዩብ አንዴ አልጋ ላይ ከወጣ መንገድ ሳያይ ሊቀር ነው። ዴሳንካ አማቷን እሱ በሚተኛበት በዚያው ክፍል ውስጥ አራት ዓመት አስታማለች። ያ ክፍል ምን ያህል እንደሚጠብብ፣ ማታ ማታ ጣሪያው ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ታውቃለች። ለሁለተኛ ጊዜ እዚያ መዘጋት ፈራች፤ ለሱም ፈራች፤ እውነቱን ለመናገር ግን የበለጠ የፈራችው ለራሷ ነው።

ሌላ መግቢያ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ፣ ጋሪ የሚያስገባ ባለ ሁለት ክንፍ ሰፊ በር አለ። ከበሩ ጀምሮ በሲሚንቶ የተለሰነ መንገድ ወደ ጓሮ ይሄዳል፤ የጋራውን የውሃ ጉድጓድ ይዞርና የዴሳንካ ወጥ ቤት የኋላ በር ላይ ያበቃል። ደረጃ የለው፣ ጉብታ የለው። አጥሩ ራሱ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ብሎኬት አልቆ ይሁን ልብ አልቆ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በዚያ በኩል የሚኖረው የቦጎልዩብ ታላቅ ወንድም ስታኖዬ ነው። ግቢው የአባታቸው ነበር፤ የዋልነቱን ዛፍም የተከለው አባታቸው። ስታኖዬ አንድ ክረምት ኦስትሪያ ልጁ ዘንድ ሄዶ ሲመለስ ዛፉ የለም። ቅጠሉ አሸንዳ ደፈነ፣ ሥሩ የወጥ ቤቱን ወለል ሸክላ አነሳ ብሎ ቦጎልዩብ አስቆርጦታል። ስታኖዬ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ጉቶውን ለረጅም ጊዜ አየ። በሳምንቱ ግንበኛ አመጣና ግቢውን ለሁለት ከፈለው። ሰፊው በር በሱ በኩል ቀረ፤ ቦጎልዩብም በእልህ የፊቱን አጥር ሰብሮ ጠባብ በር አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች የተነጋገሩት በዴሳንካ በኩል ብቻ ነው። የውሃ ሂሳብ ሲመጣ አንዱ በአጥሩ ወዲህ «ዴሳንካ፣ እንዲህ በይው» ይላል፤ ሌላው በአጥሩ ወዲያ እየሰማው «ዴሳንካ፣ እንዲህ በይልኝ» ብሎ ይመልሳል። ሆስፒታል ውስጥ ፎርም የምትሞላው ልጅ ሌላ መግቢያ እንዳለ ስትጠይቃት ዴሳንካ ዓይኗን ሳታሽ የለም አለች።

ስለዚህ አርብ ማታ ለአበልጃቸው ለራዶሚር ደወለች። ራዶሚር ልጃቸውን ክርስትና ያነሳ፣ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ስለ ባለ ማሽኑ ስትነግረው ገና ሳትጨርስ አቋረጣት። እኔ በሕይወት እያለሁ ለጉቶ ገንዘብ ትከፍያለሽ እንዴ፣ ደቦ እጠራልሻለሁ፣ ጠዋት ጀምረን ከምሳ በፊት ጥርግ ነው አላት፤ አንቺ የምሳውን ነገር ብቻ አስቢ። የምሳውን ነገር ብቻ የሚለውን ሲናገር ቀላል አድርጎ ነው። የኒሽ ከተማ ሰው ደቦ ወጥቶ ገንዘብ አይቀበልም፤ ቢሰጡት ይቀየማል። የበላውን ግን ለሃያ ዓመት ያወራዋል። ሥጋው ያነሰበትን ደቦ ልጁን ሲድር ሳይቀር ያነሳዋል። ዴሳንካ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ትንሽ ቆመችና መሳቢያውን ከፈተች። የጉቶው ገንዘብ ሥጋ ሊሆን ነው።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ገበያ ወረደች። የመስከረም መጨረሻ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ለብርዱ ወራት የሚያስቀምጠውን ቃሪያ እየጠበሰ ነው፤ ጭሱ ከየግቢው ይወጣል። የአሳማ አንገት ገዛች፤ ሥጋ ቆራጩ ለስንት ሰው እንደሆነ ሲጠይቃት ለስምንት አለችው፤ ለደቦ ነው ስትለው ምንም ሳይናገር ሌላ ሁለት ኪሎ ጨመረበት። አይብ ገዛች፣ ዳቦ ገዛች፣ ቢራ በሳጥን አስጫነች። ቦሎቄው ከማታ ጀምሮ ተዘፍዝፏል። የፕለም አረቄውን ወንድሟ ሚሊሳቭ ከገጠር በፕላስቲክ ጀሪካን ይዞ እዚያው ገበያ አገኛት፤ ከአረቄው ጋር ዶማም ይዟል። ታክሲው ውስጥ ስትገባ መሳቢያው ውስጥ የነበረው ገንዘብ አልቆ የራሷን ጀምራለች። ምንም አይደለም፣ ሰው ነው፣ አለች በልቧ። ሰው ለሰው ሲመጣ ደስ ይላል፤ ቤቱ አንድ ወር ሙሉ ጭር ብሎ ነበር። ሚሊሳቭ በመንገድ ላይ ጉቶውን በርካሽ ማውጫ መንገድ አስተማራት፦ ጉቶውን በመሰርሰሪያ ትበሺውና ቀዳዳው ውስጥ በቆሎ ትከቺበታለሽ፣ ከዚያ አሳማ ትለቂበታለሽ፤ አሳማው በቆሎውን ፍለጋ ሲቆፍር ሥሩን ሁሉ ገልብጦ ያወጣልሻል። አሳማው ከየት ይመጣል ስትለው በጉያዋ የያዘችውን የአሳማ አንገት አየና ሳቀ።

ስምንቱ ሰዎች ዶማቸውን አጥሩ ላይ ደግፈው መጀመሪያ ተቀመጡ። ባዶ ሆድ አይቆፈርም። ዳቦ በአይብ፣ እንቁላል፣ የተጠበሰ ቃሪያ በነጭ ሽንኩርት በሉ። ራዶሚር የመጀመሪያዋን የአረቄ ብርጭቆ ሞላና ተነስቶ ቆመ። በደቦ የመጀመሪያዋ ብርጭቆ ለግቢው ታላቅ ነው የምትሰጠው፤ እሱ «ይቅናችሁ» ሳይል ዶማ አይነሳም። ራዶሚር ብርጭቆውን እንደያዘ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ሁሉም የሚበላውን አየ። ከአጥሩ ወዲያ የስታኖዬ መስኮት ተከፍቷል፤ መጋረጃው ውስጥ ሰው እንዳለ ያስታውቃል። ስታኖዬን እንዳልጠራችው ሁሉም ያውቃል። ተጣልተው መኖር አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ ተጠርቶ በገዛ አባቱ ግቢ ታላቅየው ሳይጠራ መቅረቱ ግን ሌላ ነውር ነው። ዴሳንካ ልጥራው ብላ አስባ ነበር፤ ቦጎልዩብ ቢሰማ ሆስፒታል ውስጥ የደም ግፊቱ ይጨምራል ብላ ተወችው። ራዶሚር በመጨረሻ ሄዶ ብርጭቆውን የብሎኬቱ አጥር ጫፍ ላይ አስቀመጠውና «በሉ እንግዲህ» አለ። ተነሱ።

ከዚያ ክርክር ተጀመረ። አንደኛው ጉቶው ተበስቶ ጨው ቢጨመርበት ኖሮ በራሱ ጊዜ ይበሰብስ ነበር አለ። ሌላው ጨው መሬቱን ይገድላል፣ ማዳበሪያ ነው እንጂ አለ። ሦስተኛው ናፍጣ አፍስሶ ማቃጠል እንጂ ምን ያለፋል ሲል አራተኛው ባለፈው ዓመት በዚሁ ዘዴ የጎረቤቱን ዶሮ ቤት እንዳቃጠለ አስታወሰው። ሚሊሳቭ አሳማውን ደግሞ አነሳ። ራዶሚር ሁሉንም ዝም አሰኝቶ ከጭነት መኪና የተረፈችውን ክሪክ አወጣ፤ ሥሩን እንገልጥና በዚች እናነሳዋለን፣ ሃያ ቶን ታነሳለች አለ። ቆፈሩ። እውነት ለመናገር ጠንክረው ቆፈሩ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው እየተቀበለ፣ ሸሚዛቸውን አውልቀው፣ እርስ በርስ እየተሰዳደቡ። ዴሳንካ ቢራ ታቀርባለች፣ አፈር የተሞላ ባልዲ ታሳልፋለች፣ ደግሞ ወደ ጥብሱ ትሮጣለች። ራዶሚር ክሪኳን ከጎን ሥሩ ሥር ጠምዶ ሲያነሳ ጉቶው አልተነሳም፤ ክሪኳ ራሷ መሬት ውስጥ ገባች። ክሪኳን ለማውጣት ደግሞ ሌላ ጉድጓድ ተቆፈረ። ሚሊሳቭ ጉቶው ቀርቶ ክሪኳ ብትወጣም ይበቃናል ብሎ አሳቃቸው።

ቀትር ሲሆን ጉድጓዱ የሰው ወገብ ደረሰ። ጉቶው መሃሉ ላይ እንደ መንጋጋ ጥርስ ተተክሎ ንቅንቅ አላለም። የጎን ሥሮቹ ተቆርጠዋል፤ አንድ ብቻ፣ የሰው ጭን የሚያህል፣ በአጥሩ መሠረት ሥር አልፎ ወደ ስታኖዬ ግቢ ገብቷል። ሰዎቹ ይህን ሲያዩ ምሳ ይቅረብ አሉ። ዴሳንካ ጥብሱን ስትዘረጋ ዓይኗ አጥሩ ጫፍ ላይ አረፈ። ብርጭቆው ባዶ ነው፤ ተገልብጦ ተቀምጧል። ከስምንቱ አንዱ ጠጥቶት ይሆናል። ነገር ግን ብርጭቆ ጠጥቶ የሚገለብጥ ሰው በዚያ ግቢ አንድ ብቻ ነው፤ አማቷ ዝንብ እንዳይገባበት ብላ ያስለመደችው ታላቁን ልጇን ነው። ለማንም አልተናገረችም። ሥጋውን ቆራርጣ ስታከፋፍል ግን እጇ ትንሽ ቀለላት።

ስልኩ የጮኸው ቦሎቄው ሲቀርብ ነው። ከሆስፒታሉ ነበር። አልጋ ተፈልጓል፣ ሰኞ የተባለው ዛሬ ሆኗል፣ አምቡላንሱ ከሰዓት በኋላ ያደርሰዋል አሏት። እሺ አለች፤ እሺ ሌላ ምን ትላለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሄዳ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች። ጠዋት ቢያንስ በጎን መታለፊያ ነበረ። አሁን ከግድግዳ እስከ አጥር ገደል ነው፤ አፈሩ ደጃፏ ላይ ተራራ ሆኗል፤ እንኳን ዊልቸር እሷም ራሷ ከጠዋት ጀምሮ በኋላ በር ነው የምትመላለሰው። ቆሽቷ አረረ፤ በባለ ማሽኑ፣ በራዶሚር፣ ከሁሉ ይልቅ በራሷ። ነገሩን ስትነግራቸው ሰዎቹ ማንኪያቸውን ጣሉና ተነሱ። ሁለቱ መጥረቢያ ይዘው ዘለው ገቡ። አንዱ አጎንብሶ ሲነሳ ተንገዳግዶ አፈሩ ላይ ተቀመጠና እዚያው ቀረ፤ አረቄው ሥራውን ጨርሷል። ራዶሚር ላቡን እየጠረገ አታስቢ፣ ስምንት ነን፣ ከነወንበሩ አንስተን በላዩ እናሳልፈዋለን አላት። ዴሳንካ ስምንቱን አንድ በአንድ አየቻቸው። ቦጎልዩብ እግሩ ተቆርጦም ቢሆን ዘጠና ኪሎ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ተዘርግቶ ታያት። ቢያልፍስ? ማክሰኞ ለፋሻ፣ ሐሙስ ለእንቅስቃሴ ሕክምና ሊመላለስ ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ስምንት ሰው ከየት ይመጣል? ደቦ በየሳምንቱ አይጠራም። ሽርጧን ፈታች፣ ፀጉሯን በእጇ ደልደል አደረገች፣ ወደ ጓሮ ሄደች።

በውሃ ጉድጓዱ በኩል ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ሆኖም በዚያ መሄድ ሾልኮ መግባት መሰላት። ተመልሳ አጥሩን ተደግፋ ጉቶው በተቆፈረበት ጉድጓድ ዳር ዳር፣ ጫማዋ ጭቃ እየሆነ፣ ወደ መንገድ ወጣችና ሰፊውን በር አንኳኳች። ስታኖዬ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከፈተላት። ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የቦጎልዩብን አፍንጫ ይዞ የአባታቸውን ቅንድብ ደርቦበታል። በስድስት ዓመት ውስጥ በአጥር ላይ ድምፁን ስትሰማ ኖራ ፊቱን በቅርብ ስታይ እርጅናው አስደነገጣት።

«ወንድም ስታኖዬ፣ ቦጎልዩብ ዛሬ ይመጣል» አለችው።

«ሰምቻለሁ። ራዶሚር ሲያወራ ሰርቢያ ሁሉ ይሰማል።»

«በኛ በኩል ጉድጓድ ነው። በናንተ በር ይለፍ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ከኋላው መንገዱ ተጠርጎ፣ ወይኑ ተንዠርግጎ ይታያል። «እሱ ነው የላከሽ?» አላት በመጨረሻ። አያውቅም አለችው። «እንግዲያው ይጠይቀኝ። ዛፉን ሲቆርጥ አልጠየቀኝም፤ በሩን ይጠይቀኝ።»

«እግሩን ቆርጠውታል'ኮ» አለች ዴሳንካ።

«አውቃለሁ። አፉን ግን አልቆረጡትም።»

በጥፊ ብትለው ደስ ባላት። ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ከአንድ ድንጋይ የተጠረቡ፣ መሃላቸው ላይ የምፈጨው እኔ ነኝ ብላ አሰበች። ልትመለስ ስትዞር የብረት መወርወሪያ ሲሳብ ሰማች። ስታኖዬ የማይከፈተውን ሁለተኛውን የበሩን ክንፍ ከመሬቱ እየነቀለ ነበር፤ ዝጎ ስለነበር በትከሻው ገፋው። ሁለቱንም ክንፍ ወለል አድርጎ ከፈተና በድንጋይ አስደገፋቸው። ከዚያ መጥረጊያ አምጥቶ የተጠረገውን መንገድ እንደገና መጥረግ ጀመረ። እሷን ቀና ብሎ አላያትም፤ እሷም አመሰግናለሁ አላለችም።

አምቡላንሱ ሲመጣ ሰዎቹ ቆባቸውን አውልቀው መንገዱ ላይ ተሰልፈዋል። ሁለት ነጭ ለባሾች ዊልቸሩን አወረዱ፣ ከደጅ ወዲያ ሥራችን አይደለም፣ ሌላ በሽተኛ ይጠብቀናል ብለው ሄዱ። ቦጎልዩብ ከስቷል። ብርድ ልብስ ጭኑ ላይ፣ የመድኃኒት ከረጢት ብርድ ልብሱ ላይ፤ ብርድ ልብሱ በግራ በኩል ተንጠልጥሎ በቀኝ በኩል ባዶውን ይወርዳል። ራዶሚር አቅፎት ሲነሳ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ቦጎልዩብ ግን በጠባቡ በር ወደ ውስጥ አንገቱን አስግጎ ጉድጓዱን ያያል።

«ስንት ወሰዱብሽ?» አላት። ከሆስፒታል ወጥቶ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። ደቦ ነው አለችው። ምን በሉ አላት። የአሳማ አንገቱን፣ ቦሎቄውን፣ ቢራውን ነገረችው። ትንሽ አሰበና በማሽን ይረክስ ነበር አለ። ሰዎቹ ሳቁ፤ ዴሳንካም ሳቀች፤ ባሏ ባሏ እንደሆነ ስለተመለሰላት ደስ አላት። እየሳቀች ወንበሩን ወደ ቀኝ አዞረችው። ቦጎልዩብ ወዴት እየተገፋ እንደሆነ የገባው ሰፊው በር ፊቱ ሲገተር ነው። ሁለት ጎማዎቹን በእጁ ጨምድዶ ያዘ። የእኔ ቤት በዚያ ነው አለ። ጉድጓድ ነው አለችው። ይሸከሙኝ አለ። ራዶሚር እጅጌውን ሰብስቦ ቀረብ ሲል ዴሳንካ በዓይኗ አቆመችው።

«ዛሬ ስምንት ሰው አለ» አለችው ለባሏ፣ ጎንበስ ብላ፣ ሌላው እንዳይሰማ። «ማክሰኞ ማን ይሸከምሃል? እኔ? እናትህን በዚያ ክፍል ጠብቄ ቀበርኳት። አንተን ግን እዚያ አልዘጋህም፣ ቦጎልዩብ። እኔም አልዘጋም። ሞቼ ነው።»

ቦጎልዩብ ጎማዎቹን ቀስ ብሎ ለቀቀ። ገፋችው። የፊት ጎማዎቹ የበሩን ደፍ ነኩና ቆሙ። ስታኖዬ መጥረጊያውን እንደያዘ በሩ ክንፍ ሥር ቆሟል፤ እጁን ቢዘረጋ ወንድሙን ይነካዋል። ሁለቱም አይተያዩም።

«ዴሳንካ» አለ ስታኖዬ፣ «ደፉ ከፍ ይላልና በኋላ ጎማው ይግባ በይው።»

«ዴሳንካ» አለ ቦጎልዩብ፣ «ደፉን አውቀዋለሁ በይልኝ። እዚሁ ነው ያደግኩት።»

«ቢያውቀውማ ይጠይቅ ነበር በይው።»

ዴሳንካ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ከጠዋት ጀምሮ ቆማለች፤ ከስድስት ዓመት ጀምሮ ቆማለች። እጇን ከወንበሩ መያዣ ላይ አነሳች። «ራሳችሁ ተባባሉ» አለች፤ «እኔ ደክሞኛል።» በሁለቱ መካከል አልፋ ወደ ውስጥ ገባች። ከኋላዋ ራዶሚር ጉቶውስ፣ አንድ ሥር ብቻ እኮ ነው የቀረችው ብሎ ጮኸ። ሳትዞር አፈሩን መልሱበት አለችው።

በተጠረገው መንገድ ሄደች፤ በስታኖዬ መስኮት ሥር፣ በወይኑ ሥር፣ የውሃ ጉድጓዱን ዞራ፣ በኋላ በር ወጥ ቤቷ ገባች። ወንበሩ የቆመው የመንገዱ ተዳፋት ላይ ነው፤ ወደ ኋላ ቢንሸራተትስ? ቦጎልዩብ ተናዶ መልሱኝ ቢልስ? ዞሮ ማየት አማራት፤ አልዞረችም። የቦሎቄውን እሳት አጠፋች፣ ቧንቧውን ሳትከፍት አንድ የታጠበ ሳህን አንስታ በፎጣ ታብስ ጀመር። ደጅ ያሉት ስምንት ሰዎች ድምፃቸው የለም፤ ራዶሚር እንኳን ዝም ብሏል። ሳህኑ ከደረቀ ቆይቷል፤ እሷ ታብሰዋለች።

መጥረጊያው ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ተሰማት። ቀጥሎ የስታኖዬ ድምፅ፣ ዱሮ ታናሽ ወንድሙን ብስክሌት ላይ ሲያወጣው እንደነበረው በቁጣ፦

«እግርህን አንሳ፣ ደፉ ይይዘዋል።»

ስታኖዬ ያለው ነገር ለራሱም ሳይገባው አልቀረም። ዴሳንካ ሳህኑን ደረቷ ላይ አስጠጋች።

«የትኛውን?» አለ ቦጎልዩብ።

መጀመሪያ የተሰማው ሳቅ ይሁን ሳል አልለየችውም። ከዚያ ሁለት ሆነ። ከዚያ ወንበሩ ሲዞርና የኋላ ጎማዎቹ ደፉን ሲሻገሩ ሰማች፤ ወዲያው የፊተኞቹ ተከተሉ።